የዓባይ ውሃና የዓሣ እስትንፋስ

ከካርቱም ሰሜን በስተ ምሥራቅ የሚገኘው ሐጅ ዩሱፍ የጥቁር ዓባይ ጎረቤት ነው። በነሐሴ ወር ወደ ወንዙ ዳር የወረደ ሰው የሚያየው ውሃ የቡና አተላ የመሰለ ነው፤ በጥርና በየካቲት ግን ያው ወንዝ ጠርቶ ይታያል። ድፍርሱን ያመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ የታጠበው አፈር ነው። ዓሣም የሚተነፍሰው በዚሁ ውሃ ስለ ሆነ፣ የወንዙ ጠባይ ሲለወጥ የዓሣው ኑሮ አብሮ ይለወጣል።

በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የውሃ ሕይወት ምርምር ክፍል በ1953 ተቋቋመ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ታሊንግና ርዞስካ በ1967 ባወጡት ጥናት፣ የጥቁር ዓባይ ደቃቅ ፍጥረታት በጎርፍ ጊዜ ተጠርገው እንደሚሄዱ፣ ውሃው ሲረጋና ሲጠራ ግን እንደሚበዙ አሳዩ። ደለልም ለዓሣ ብርቱ ጠላት ሊሆን እንደሚችል የታየው በአትባራ ወንዝ ላይ ነው። የተከዜን ውሃ የሚቀበለውና በ1964 የተሠራው የኸሽም አል ጊርባ ግድብ በደለል እየተሞላ ስለ ሄደ፣ በ1970ዎቹ ዓመታት በጎርፍ ጊዜ በሩን ከፍቶ ደለሉን መጥረግ ተጀመረ። ይህ ለመሐንዲሱ ተገቢ ሥራ ነበረ፤ ዓሣው ግን በብዛት አለቀ። ስንጥቡ በጭቃ ሲደፈን፣ በውሃውም ያለው ኦክሲጅን ሲያንስ፣ ዓሣ በውሃ መካከል ሳለ ታፍኖ ይሞታልና። ከአየር የመተንፈስ ችሎታ ያለው አምባዛ ከሌሎቹ ይልቅ እንዲህ ያለውን ችግር ይችላል።

ይሁን እንጂ የዓሣን የሰውነት አሠራር ማወቅ ለሕግ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የጣና ታሪክ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሐይቁን ዓሣ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ ለይቶታል። ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ ከዚያ የሰበሰባቸውን ዓሦች በመጽሐፍ ገለጸ፤ በኋላም ሲቢንግና ናገልከርከ የተባሉ የኔዘርላንድ ሊቃውንት የሐይቁን ትልልቅ ባርበስ ዓሦች በ15 ዓይነት ለዩ።

በ1986 ከኔዘርላንድ በመጣ ርዳታ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ቀድሞ በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ያጠምድ ለነበረው ሰው ይህ ትልቅ በረከት መሰለው። ነገር ግን ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የትልልቆቹ ባርበስ ብዛት በክብደት ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ቀነሰ፤ የግልገሎቹማ ጉዳት ከዚህም የከፋ ነበረ።

ምክንያቱ በዓሣው አካል ውስጥ ያለ ነው። ቆሮሶ ዕንቁላሉን በአፉ አቅፎ በሐይቁ ዳር ስለሚያሳድግ መረብ የሚያጎድለውን ቶሎ ይተካል። ባርበስ ግን ዘግይቶ ይጎለምሳል፤ ከ15ቱም ዓይነት ቢያንስ ሰባቱ፣ ዕንቁላላቸው ሲበስል ክረምቱ ሲገባ በወንዝ አፍ ተሰብስበው እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ዕንቁላሉ የሚፈለፈለው ንጹሕና አየር ያለበት ውሃ በሚፈስበት ጠጠር መካከል ነው። እንግዲህ በሐምሌና በነሐሴ በወንዝ አፍ የሚዘረጋ መረብ የሚይዘው የወላጆችን ጉባኤ ነው። አጥማጁ ይህን ያውቅ ነበር፤ የሚያጠምደውም ስለሚያውቅ ነው።

በ2003 የኢትዮጵያ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጣ። ሆኖም ወቅት ለይቶ መከልከል በወረቀት ቀላል፣ በወንዙ ዳር ግን ከባድ ነው፤ በእነዚያ ሳምንታት ከሚገኘው ዓሣ በቀር ሌላ ገቢ የሌለው ቤተ ሰብ አለና። መረቡ ቢነሣም እንኳ ከእርሻ የታጠበ አፈር ጠጠሩን ይሸፍነዋል፤ ከወንዙም ለሕንፃ የሚሆን አሸዋ ይዛቃል። የጉማራ አፈር አብዛኛው በጣና ስለሚቀር ካርቱም አይደርስም፤ ጉዳቱን የሚያየው የሐይቁ አጥማጅ ነው።