በአገው ምድር የሕፃናት አያያዝና የወጣቶች አእምሮ፤ ከታሪክ አንጻር

ስለ ሕፃናት በደል ሲነገር ብዙ ጊዜ ነገሩ የዛሬ ዘመን ወይም የከተማ ችግር ብቻ ይመስላል። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ቀድሞ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ውስጥ አገው ምድር ይባል የነበረውን፣ እንጅባራና ዳንግላ የሚገኙበትን፣ ዛሬ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የሆነውን አገር ይዘን፣ ሕግ በደሉን እንዴት እንደ ተመለከተውና በደሉ በጎረምሳውና በኮረዳዪቱ አእምሮ ላይ ምን እንደሚተው ለመመርመር እንሞክራለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የባርነት ነገር ነው። የአገው ደጋ ከመተከል ቆላ ጋር ይዋሰናል፤ ከዚያ ቆላ በዘመቻ ተይዘው ይወሰዱ በነበሩት የጉሙዝ ሰዎች መካከል ሕፃናት ይገኙባቸው ነበር። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ገባች፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ደንብ ታወጀ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ሕግ በመጀመሪያ ያየው ከቤቱ ውጭ የተነጠቀውን ልጅ ነው ማለት ነው።

በቤቱ ውስጥ ያለውን ልጅ ለማየት ብዙ ዘመን ፈጀ። በጎጃም እንደ ሌላውም የሰሜን አገር ሴት ልጅን በሕፃንነቷ ማጨትና መዳር፣ አንዳንዴም በአማቷ ቤት እንድታድግ መስጠት የቆየ ልማድ ነበር። ወላጆች ይህን የሚያደርጉት በጭካኔ አልነበረም፤ መሬትን ከመሬት፣ ዘመድን ከዘመድ ለማያያዝና የልጅቱን ክብር ለመጠበቅ ብለው ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 አደረገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አለ፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ይህንኑ ደነገገ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ ከ13 ዓመት በታች የሆነችውን ልጅ ያገባ ሰው እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ አዘዘ። ይሁን እንጂ ልማዱ ከሕጉ በኋላም ኖሯል። ያለ ዕድሜዋ ወልዳ በምጥ የተጎዳች ሴት በባሕር ዳር ባለው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ትታከማለች፤ ከገላዋ ቁስል ጋር የመገለልንና የኀፍረትን ሸክም ይዛ መምጣቷን ግን መርሳት አይገባም።

ሦስተኛው ነገር ቅጣት ነው። አርጩሜ፣ ቁንጥጫ፣ ማንበርከክ፣ በበርበሬ ጭስ ማጠን ለሁላችንም የታወቁ ናቸው። ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል ይባላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አሳዳሪው ልጁን ለማረም ቀላል የአካል ቅጣት እንዲሰጥ ፈቅዶ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደነገገ፤ ስለ ወላጅ ቤት ግን በዚያ ቦታ ዝም አለ። የወንጀል ሕጉም በ576ኛው አንቀጽ ልጅን ማንገላታትን፣ ችላ ማለትን፣ ከአቅሙ በላይ ማሠራትንና መደብደብን ወንጀል ካደረገ በኋላ ተገቢውን የማረም መብት ሳይነካ አለፈ። ተገቢው የት ላይ እንደሚያበቃ የሚወስነው እንግዲህ በብዙው የሚቀጣው ሰው ነው።

ስለ አእምሮው ጉዳት ሳይንስም ቢሆን ዘግይቶ ነው የተናገረው። አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ኬምፕ ከባልደረቦቹ ጋር ስለ ተደበደቡ ሕፃናት የታወቀውን ጽሑፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1998 ፌሊቲና አንዳ የተባሉ ሐኪሞች በሳንዲያጎ በተደረገ ምርመራ፣ በልጅነት የደረሰው በደል ዓይነቱ በበዛ መጠን የድባቴ፣ የመጠጥና ራስን የማጥፋት ሙከራ እንደሚበዛ አሳዩ። ይህ ሲባል የተመታ ልጅ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ የሚያምነው አንድ ዘመድ ወይም መምህር ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ ይጸናል። ነገር ግን ሁልጊዜ በፍርሃት የሚኖር ልጅ ሰውነቱ ለአደጋ እንደ ተዘጋጀ ይቀራል፤ እንቅልፉ ይጎድላል፣ ልቡ ከትምህርቱ ይሸሻል፣ በጉርምስናውም ወይ ቁጡ ወይ ዝምተኛ ይሆናል።

በእኛ አስተያየት ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው። ቁጡው ባለጌ ተብሎ እንደገና ይመታል። ዝምተኛዋ ግን ጭምት፣ አንገቷን የደፋች ጨዋ ተብላ ትመሰገናለች። ጨዋነትና ፍርሃት ከውጭ ሲያዩአቸው አንድ ስለሚመስሉ ሕመሙ ሳይታወቅ ያድጋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ ልጁን ከቤቱ ውጭ የሚያየው ዓይን ቀንሷል።

ሕግ ከባርነት ወደ ጋብቻ፣ ከጋብቻ ወደ አርጩሜ እየቀረበ መጥቷል። የቀረው መንገድ አጭር ቢመስልም ከሁሉ ይከብዳል፤ ከቤት ደጃፍ አልፎ ልብ ውስጥ የሚገባ ነውና። ይህንንም ዳኛ ብቻውን አይፈጽመውም። መምህሩ፣ የነፍስ አባቱና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዝም ያለውን ልጅ በአዊኛ፣ በእናቱ ቋንቋ፣ ምን ሆንህ ብለው ሊጠይቁትና መልሱን ሳይቆጡ ሊሰሙት ይገባል።