የጋራ የፀረ ሽብር ግብረ ኃይል (ኒው ዮርክ)

የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) እና የኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1980 እያንዳንዳቸው 11 መርማሪዎችን አዋጥተው ያቋቋሙት የምርመራ ክፍል ነው። አርአያ የሆነው ሁለቱ ተቋማት የባንክ ዘራፊዎችን ለመያዝ የተጣመሩበት አሠራር ነበር፤ ስለዚህ የዘራፊ ክትትልና የሽብር ምርመራ አንድ ሙያ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለምሳሌ በ1981 በሮክላንድ አውራጃ ከብሪንክስ የገንዘብ መኪና 1.6 ሚሊዮን ዶላር የዘረፉትና ሦስት ሰዎች የገደሉት የትጥቅ ትግል አራማጅ ቡድኖች ነበሩ። በ1993 የዓለም ንግድ ማዕከል በቦምብ ሲመታም ፍንጩን የሰጠው ከፍርስራሹ በተገኘ የመኪና ብረት ላይ የተነበበ የሻንሲ ቁጥር ነው። ቁጥሩ መርማሪዎችን ጀርሲ ሲቲ ወዳለ መኪና አከራይ አደረሳቸው፤ ተከራዩም መኪናው ተሰርቋል ብሎ ያስያዘውን 400 ዶላር ሊያስመልስ ሲመላለስ ተያዘ።

ሌባ ለገንዘብ፣ አሸባሪ ለዓላማ ስለሚሠራ አንድ ብልሃት ለሁለቱም አይበጅም የሚሉ አሉ። ልዩነቱ እውነት ነው፤ የተሰረቀ ንብረት ሊመለስ ይችላል፣ የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም፤ ሽብር አስቀድሞ መክሸፍ ያለበትም ለዚህ ነው። ሆኖም ዓላማቸው ቢለያይም ሁለቱም መኪና ይከራያሉ፣ ገንዘብ ያንቀሳቅሳሉ፣ ተባባሪ ይመለምላሉ። መርማሪ የሚከተለው ዱካም የሚገኘው በእነዚሁ ተራ ድርጊቶች ውስጥ ነው።