ኮምፒዩተር መግዛት ይሻላል ወይስ መገጣጠም?

የሰው ልጅ አንድ ዕቃ በፈለገ ጊዜ ሁለት መንገድ በፊቱ ይገኛል፤ አንደኛው የተሠራውን ከገበያ መግዛት፥ ሁለተኛው ክፍሎቹን ሰብስቦ በገዛ እጁ መሥራት ነው። ገንዘብ የተትረፈረፈው ሰው በዚህ ነገር ብዙም አይጨነቅም። ኪሱ የሳሳ ሰው ግን አንዱን ከመምረጡ በፊት ደጋግሞ ማሰብ ይገባዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህ ጥያቄ በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ ምን መልስ እንዳገኘ፥ መልሱም በየዘመኑ ለምን እንደ ተለዋወጠ፥ ለተከበሩት አንባቢዎቻችን ባጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍናቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከ1975 በፊት ኮምፒዩተር ማለት የመንግሥት፥ የባንክ ወይም የዩኒቨርሲቲ ሀብት እንጂ በአንድ ሰው ቤት የሚገኝ ዕቃ አልነበረም። ነገር ግን ያልተገጣጠመ ዕቃ ገዝቶ በቤት የመሥራት ልማድ በአሜሪካ አገር ከዚያ በፊት የቆየ ነበር። ሂዝ የሚባለው ኩባንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉትን የኤሌክትሪክ ክፍሎች ገዝቶ፥ በ1947 ኦሲሎስኮፕ የተባለውን መሣሪያ ሳይገጣጥም በሣጥን አድርጎ ከአሠራሩ መመሪያ ጋራ መሸጥ ጀመረ። ዋጋው የረከሰበትም ምክንያት ግልጽ ነው። በዚያን ዘመን ሬዲዮም ሆነ ሌላው የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚገጣጠመው በሠራተኛ እጅ ስለ ነበረ፥ ከዋጋው ከፍ ያለውን ድርሻ የሚወስደው የእጅ ዋጋ ነበር። ገዢው የራሱን እጅ ሲጨምር የሠራተኛው ደመወዝ ይቀነስለታል ማለት ነው። ይህን ምክንያት አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ የታሪኩ መክፈቻ ቁልፍ ሆኖ እናገኘዋለንና።

በ1975 በመጀመሪያው ወር፥ ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ የተባለው መጽሔት አልቴር 8800 የሚባለውን ኮምፒዩተር በሽፋኑ ላይ አውጥቶ ለሕዝብ አስተዋወቀ። ሠሪው በኒው ሜክሲኮ፥ በአልበከርኪ ከተማ የነበረው ሚትስ የተባለ ትንሽ ኩባንያ ሲሆን መሪው ኤድ ሮበርትስ ነበር። ይህ ኩባንያ አስቀድሞ የሒሳብ መሥሪያ ካልኩሌተር ይሸጥ ነበር፤ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች የካልኩሌተርን ዋጋ በጣም ባወረዱት ጊዜ ግን ለመክሰር ተቃረበ። ሮበርትስም ያለ የሌለ ተስፋውን በኮምፒዩተር ላይ ጣለ። ኢንቴል 8080 የተባለው ፕሮሰሰር በችርቻሮ 360 ዶላር ሲሸጥ፥ እርሱ በብዛት ለመግዛት ተዋውሎ አንዱን በ75 ዶላር አገኘው። ጥቂት መቶ ኮምፒዩተር ለመሸጥ አስቦ በጥቂት ወራት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ትእዛዝ ጐረፈለት።

ይህ ኮምፒዩተር ሳይገጣጠም በ439 ዶላር፥ ተገጣጥሞ በ621 ዶላር ይሸጥ ነበር። የልዩነቱ 182 ዶላር የእጅ ዋጋ መሆኑ ነው። ነገር ግን የሠሪው ድካም ቀላል አልነበረም፤ ክፍሎቹን አንድ በአንድ በሰሌዳው ላይ በቆርቆሮ መበየድ ነበረበት። አንዲት ብየዳ ከተበላሸች መላው ማሽን ዝም ይላል። ከዚህም ሁሉ በኋላ የሚገኘው ማሽን ኪቦርድና ስክሪን የሌለው፥ ትእዛዝ የሚቀበለው በፊቱ በተደረደሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች፥ የሚመልሰውም በትንንሽ መብራቶች፥ የማስታወሻው መጠንም 256 ባይት ብቻ የሆነ ነበር። ወደ ጠቃሚ ሥራ ለማድረስ የማስታወሻ ካርድና ሌላም ዕቃ ለብቻው መግዛት ግድ ነበር። እንግዲህ በመጀመሪያ የተነገረው ዋጋና በመጨረሻ የተከፈለው ዋጋ እጅግ የተራራቁ ሆኑ።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር መጀመሪያ፥ ይኸውም ማርች 5 ቀን 1975፥ በካሊፎርኒያ በሜንሎ ፓርክ ከተማ፥ በአንድ የመኪና ጋራዥ ውስጥ ኮምፒዩተር በእጃቸው መሥራት የሚወዱ ሰዎች ተሰብስበው ሆምብሩ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ከአባሎቹ አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ ይባላል። እርሱ የነደፈውን የኮምፒዩተር ሰሌዳ ጓደኛው ስቲቭ ጆብስ ባይት ሾፕ ለተባለው ሱቅ ባለቤት ለፖል ቴሬል ባቀረበለት ጊዜ፥ ነጋዴው 50 ሰሌዳዎችን አንዱን በ500 ዶላር እንደሚገዛ፥ ነገር ግን ክፍሎቹ ተበይደው ተገጣጥመው እንዲመጡለት እንደሚፈልግ ነገረው። በ1976 በ666.66 ዶላር የተሸጠው አፕል 1 የተባለው ኮምፒዩተር እነሆ ይህ ነው። ኬዙን፥ ኪቦርዱንና የኤሌክትሪክ ኃይል ሰጪውን ግን ገዢው ራሱ መፈለግ ነበረበት። ይህ ነጋዴ በሱቁ ቆሞ ደንበኞቹን ያያቸው ስለ ነበረ፥ መበየድ ከሚችለው ሰው ይልቅ መጠቀም ብቻ የሚፈልገው ሰው እንደሚበዛ አስቀድሞ ተረድቶታል ማለት እንችላለን።

የነጋዴው ግምት ትክክል እንደ ነበር ሁለት ዓመት ሳይሞላ ታየ። በ1977 አፕል 2፥ ኮሞዶር ፔትና ቲአርኤስ 80 የተባሉት ሦስት ኮምፒዩተሮች ተሠርተው ያለቁ ሆነው ለገበያ ወጡ። ከሦስቱ ቲአርኤስ 80 ከነስክሪኑ 599.95 ዶላር ብቻ ነበር። ሰው ከሱቅ ገዝቶ፥ ቤቱ ወስዶ፥ ሶኬቱን ሰክቶ በዚያው ዕለት ሥራ ይጀምራል። ሂዝም በዚያው ዓመት ያልተገጣጠመ ኮምፒዩተር አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን የወደፊቱ ዘመን ለተሠራው ዕቃ መሆኑ አልቀረም።

ወደ እንግሊዝ አገር ብንሻገር ደግሞ ጉዳዩን በግልጽ ቍጥር እናገኘዋለን። ክላይቭ ሲንክሌር በ1980 ዜድኤክስ 80 የተባለውን ትንሽ ኮምፒዩተር ሲያወጣ፥ ያልተገጣጠመው 79.95 ፓውንድ፥ የተገጣጠመው 99.95 ፓውንድ ነበር። በተከታዩ ዓመት የወጣው ዜድኤክስ 81 ያልተገጣጠመው 49.95፥ የተገጣጠመው 69.95 ፓውንድ ሆነ። በዜድኤክስ 80 ውስጥ የነበሩት 21 ቺፖች በአዲሱ ወደ 4 ተቀንሰዋልና፥ ፋብሪካውም በቶሎ ይገጣጥመዋል። በ1982 ስፔክትረም የተባለው ሲወጣ ግን ተገጣጥሞ ብቻ ይሸጥ ጀመር። ሃያ ፓውንድ ለማትረፍ ብሎ ብየዳ የሚማር ሰው ከዚያ በኋላ አላስፈለገም።

ይህ ለምን ሆነ? ከላይ በልባችሁ ያዙልን ያልነው ምክንያት እዚህ ላይ ያገለግለናል። በሠራተኛ እጅ ይደረደሩ የነበሩትን ክፍሎች በሰሌዳው ላይ የሚያስቀምጥ ማሽን በየፋብሪካው በተተከለ ጊዜ የእጅ ዋጋ እየቀነሰ ሄደ። እንዲያውም ልዩ ልዩ ክፍሎችን እየቈጠሩ በከረጢት መክተትና ረዥም መመሪያ ማሳተም፥ በማሽን ገጣጥሞ ከመሸጥ የሚበልጥ ወጪ ሆነ። ስለዚህ ሂዝ ከ45 ዓመት በኋላ በ1992 ያልተገጣጠመ ዕቃ መሸጡን አቆመ።

ነገር ግን መገጣጠም በዚህ አልሞተም፤ መልኩን ለውጦ ተነሣ። አይቢኤም የተባለው ታላቅ ኩባንያ ኦገስት 12 ቀን 1981 የመጀመሪያውን ፒሲ በ1,565 ዶላር አወጣ። ሥራውን ለማፋጠን ሲል ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፥ ሌሎቹንም ክፍሎች ከልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ገዝቶ ነበር። የማሽኑንም ንድፍ በመጽሐፍ አሳትሞ ሸጠ። ለብቻው የያዘው ባዮስ የተባለውን የመነሻ ፕሮግራም መብት ብቻ ነበር። ኮምፓክ የተባለው ኩባንያ ይህንኑ ፕሮግራም ሳይገለብጥ በራሱ ሰዎች አዲስ አድርጎ አስጽፎ በ1982 የሚመሳሰል ኮምፒዩተር አስታወቀ። ከ1984 ጀምሮ ደግሞ ፊኒክስ የተባለው ኩባንያ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ለፈለገው ሁሉ ይሸጥ ጀመር። በሩ ከተከፈተ በኋላ በታይዋንና በሌላም አገር ያሉ ፋብሪካዎች ማዘርቦርዱን፥ ካርዱን፥ ኬዙን እየሠሩ ለዓለም ገበያ አቀረቡ። ኢንቴል በ1995 ኤቲኤክስ የተባለውን የማዘርቦርድና የፓወር ሰፕላይ ልክ ባወጣ ጊዜም የአንዱ ፋብሪካ ክፍል ከሌላው ጋራ መግጠሙ ተደላደለ። ከዚያ ወዲህ መገጣጠም ማለት መበየድ ሳይሆን፥ ካቻቪቴ ይዞ ማሰርና መሰካት ሆነ። የአንድ ወር ሥራ የነበረው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሆነ ማለት ነው።

በሁለቱ መካከልም ሦስተኛ መንገድ ተገኘ። በ1984 የ19 ዓመት ወጣት የነበረው ማይክል ዴል በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1,000 ዶላር ንግድ ጀምሮ፥ በኋላ ኮምፒዩተሩን እንደ ገዢው ትእዛዝ እየገጣጠመ ያለ ሱቅ በቀጥታ ይሸጥ ጀመር። ገዢው ይመርጣል፤ ነጋዴው ይገጣጥማል።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ምክንያት ማንሣት ይገባናል፤ እርሱም የብዛት ዋጋ ነው። ሮበርትስ ፕሮሰሰሩን በ75 ዶላር ያገኘው በብዛት ስለ ገዛ እንደ ሆነ አይተናል። ዛሬም ትልልቆቹ ኩባንያዎች ፕሮሰሰሩን፥ ማስታወሻውን፥ ዊንዶውስንም ጭምር በብዛት ስለሚገዙ፥ አንድ ሰው ከችርቻሮ ሱቅ ክፍሎቹን ሰብስቦ በዋጋ ሊወዳደራቸው ይቸግረዋል። በተለይ ለጽሕፈትና ለትምህርት በሚሆነው ርካሽ ኮምፒዩተር ላይ የተሠራውን መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። በ2020 እና በ2021 የቺፕ እጥረት በሆነ ጊዜም የግራፊክስ ካርድ ዋጋ በጣም ስለ ናረ፥ ካርዱን ለማግኘት ሲሉ ሙሉውን ኮምፒዩተር የገዙ ሰዎች ነበሩ።

ታዲያ የሚገጣጥመው ሰው ምን ያተርፋል? ትርፉ በዕቃው ዕድሜ ላይ ይታያል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ዘንድሮ በጥቂት ማስታወሻ የጀመረ ሰው በከርሞው ይጨምራል፤ አንዱ ክፍል ሲሞት ያንኑ ብቻ ይለውጣል። ከተሠሩት መካከል ግን ማስታወሻቸው በሰሌዳው ላይ የተበየደ፥ ፓወር ሰፕላያቸውም ከሌላ ጋራ የማይገጥም አሉ። እንዲህ ያለው ዕቃ ሲገዛ ረክሶ ሲበላሽ ይወደዳል። ሁለተኛው ትርፍ ዕውቀት ነው። በእንግሊዝ አገር ኤበን አፕተንና ጓደኞቹ በ2012 ራስበሪ ፓይ የተባለውን ሰሌዳ በ35 ዶላር ያወጡት፥ ወጣቶች ኮምፒዩተርን መጠቀም እንጂ አሠራሩን መመርመር እየተዉ መሄዳቸውን አይተው ነው። ይህም ሰሌዳ እንደ አፕል 1 ያለ ኬዝ፥ ያለ ኪቦርድና ያለ ስክሪን መሸጡ የሚያስደንቅ ነው።

ይህን ታሪክ የመረመርነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የዘንድሮ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ከተማሪ ቤታችን ከመሰናበታችን በፊት ለታናናሾቻችን ኮምፒዩተር ትተን ለመሄድ ገንዘብ እያዋጣን ነን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና መዋጮው አልከበደንም፤ ያከራከረን አወጣጡ ነው። እኩሌቶቻችን አዲስ ይገዛ አልን፤ እኩሌቶቻችን እንገጣጥም አልን። ወላጆቻችን ከቤት ወጪ ቀንሰው የሰጡን ብር ስለ ሆነ በከንቱ ልናጠፋው አይገባም። ግንብ ሊሠራ አስቦ ወጪውን ሳይቈጥር ስለ ጀመረው ሰው በወንጌል የተነገረውን ምሳሌ ሁላችን ተምረነዋል።

እንደ እኛ አስተያየት ከታሪኩ የሚገኘው ምክር ይህ ነው። ገንዘቡ አነስተኛ፥ ተጠቃሚውም ብዙ በሆነበት ቦታ፥ በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግለው የመጡትን የተሠሩ ኮምፒዩተሮች መግዛት ይሻላል። ሲገዙም ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አንዱ ቢሞት ክፍሉ ሌላውን ያድናልና። ዕድሜያቸውም ይመርመር፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፥ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙዎቹን አሮጌ ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። ለእነዚያ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ተማሪ ሳለ የጀመረው ሊኑክስ ያለ ዋጋ ይገኛል። የመብራት ከፍ ዝቅ ማለት እንዳያቃጥላቸው ለስታቢላይዘር የሚሆነውም ብር ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ ይግባ። ከዚህም በተረፈው ለአንድ ኮምፒዩተር የሚሆን ክፍል ተገዝቶ፥ ታናናሾቻችን በመምህር ፊት ይገጣጥሙት፤ ይፍቱት፤ እንደ ገና ይሰሩት። በዚህ በአንዱ ላይ የሚማሩት ሌሎቹን ሁሉ ይጠግናሉ።

የተገዛው ለዛሬ ሥራ ያገለግላል፤ የተገጣጠመው ደግሞ ነገ የሚጠግን እጅ ያስገኛል። ጠጋኝ የሌለው ዕቃ፥ በርካሽም ቢገዛ በውድም ቢገዛ፥ ፍጻሜው ዕቃ ቤት ጥግ አቧራ መልበስ ነው። ስለዚህ ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ይህን አሳባችንን ተመልክተው በምክራቸው እንዲያቀኑልን በትሕትና እንለምናለን። ለተማሪ ቤታችንም ረዥም ዕድሜና መልካም ፍሬ እንመኛለን።