«ማን ልበል?»
የስልክ ቁጥር ማውጫና የሰው ደጅ ታሪክ

የሰው ልጅ ቤት ሠርቶ መኖር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ደጅ አለው። ደጅ ካለ ደግሞ ማን ይግባ፣ ማን ይቆይ፣ ማን ይመለስ የሚለው ጥያቄ አብሮ ይኖራል። ወደ ባሌ ደጋ ወጥተን ከሮቤ እስከ ጎባ ባለው 14 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግራና ቀኙን ብንመለከት፣ በስንዴና በገብስ ማሳ መካከል የሰፈሩ ቤቶች እናገኛለን። ወደነዚህ ቤቶች የሚመጣ እንግዳ በድንገት ዘው ብሎ አይገባም። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ በአማርኛ የሆነ እንደ ሆነ «ቤቶች!» እያለ፣ በኦሮምኛም የሆነ እንደ ሆነ የቤቱን ሰዎች እየተጣራ ይጠብቃል። ውሻ ይጮኻል፤ ልጅ ብቅ ይላል፤ «ማን ልበል?» የሚለውም ጥያቄ ይከተላል። እንግዳው ስሙን ከነአባቱ፣ የመጣበትንም ጉዳይ ከተናገረ በኋላ ግባ ይባላል። በቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ ቤት ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ማዕረግ ነበረው፤ ሹሙም እልፍኝ አስከልካይ ይባል ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ልናመለክት ያሰብነው ይህ የደጅ ሥርዓት ስልክ ከገባ ወዲህ ምን እንደ ደረሰበት ነው። ዛሬ የያንዳንዳችን ደጅ በኪሳችን ውስጥ ስለ ሆነ፣ የደጁም ቁልፍ ጥቂት አኃዞች ስለ ሆኑ፣ ነገሩ ለሁላችንም የሚበጅ ይመስለናል።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው፤ የአገራችን የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክም ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቆጠራል። ሐረርን ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኘው የመጀመሪያው ረጅም መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ያስደነቀው የድምፁ ነገር ይሁን እንጂ፣ ውሎ አድሮ የታየው ሌላ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ደጅ ጠንቶ፣ እልፍኝ አስከልካዩን ለምኖ የሚገባው ሰው፣ በሽቦው አማካይነት በአንድ ጊዜ ከባለቤቱ ጆሮ ሊደርስ ቻለ።

ይሁንና ደጁ ወዲያው አልተከፈተም። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1952 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ በኋላ አገልግሎቱ ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ እየተስፋፋ ቢሄድም፣ በብዙዎቹ ከተሞች ጥሪው የሚያልፈው በእጅ በሚሠራ ማዞሪያ ነበር። ደዋዩ መያዣውን አንሥቶ የሚያገኘው የፈለገውን ሰው ሳይሆን ኦፐሬተሩን ነው። ኦፐሬተሩም ማን ማንን እንደሚፈልግ ይሰማል፣ ያገናኛል። ስልክ በቤቱ የሌለው ሰው ደግሞ አስቀድሞ መልእክት ተልኮለት፣ በቀጠሮው ሰዓት ወደ ስልክ ቤት ይመጣ ነበር። እንግዲህ ኦፐሬተሩ በአንድ በኩል እልፍኝ አስከልካይ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ምሥጢር ሊያዳምጥ የሚችል ጆሮ ነበረ። ስለዚህ የድሮው ዘመን ምሥጢር የሚጠበቅበት ዘመን ነበር ብለን ልናወድሰው አንችልም። ልዩነቱ ግን ያን ጊዜ የሚያዳምጠው ጆሮ አንድ፣ ያለበትም ስፍራ የታወቀ መሆኑ ነው።

ከስልኩ ጋር ማውጫውም መጣ። በዓለም የመጀመሪያው የስልክ ማውጫ በአሜሪካ አገር በኒው ሄቨን ከተማ በየካቲት ወር 1878 እ.ኤ.አ. ታተመ የሚባለው ነው። እርሱም የ50 ደንበኞች ስም የሰፈረበት አንድ ገጽ ካርቶን ሲሆን፣ የስልክ ቁጥር ጭራሹን አልነበረበትም፤ ስሙን ለኦፐሬተሩ መናገር ይበቃ ነበርና። የኢትዮጵያ ማውጫ ደግሞ ከሌላው ዓለም የሚለይበት አንድ ጠባይ ነበረው። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን የፊደሉ ተራ የሚሄደው በሰውየው በራሱ ስም ሆኖ፣ የአባቱ ስም ይከተለዋል።

ይህ ነገር ለውጭ አገር ሰው የሚያስቸግር ቢሆንም፣ ሳይታሰብ ያስገኘው ጥበቃ ነበር። ለምሳሌ በድሬ ሼኽ ሁሴን ምድር፣ በባሌ፣ ሁሴን የተባለውን ሰው ሁሉ እንቁጠር ቢባል ማን ይጨርሰዋል? የአባቱን ስም ብንጨምር እንኳ ሞክሼው ብዙ ነው። ሰውየውን ለማግኘት አገሩን፣ ጎሣውን፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ስም በመጽሐፍ ቢታተምም ባለቤቱ በሕዝብ መካከል ተሸሽጎ ይኖር ነበር። ደግሞም የታተመው ቁጥር የመሥሪያ ቤት፣ የሆቴል፣ የነጋዴ ሱቅ፣ ወይም የአንድ ቤተሰብ ቤት ቁጥር ነው። ሰው ከዚያ ስፍራ ሲወጣ ስልኩ ወደ ኋላ ይቀራል። ማታ ከጎባ ተነሥቶ በሳነቴ ሜዳ ወደ ደሎ መና የሚሻገረውን መንገደኛ ብርድና ጭጋግ እንጂ የስልክ ድምፅ አይከተለውም ነበር።

የባሌ ሰው መዝገብ ምን እንደሚያደርግ ስልክ ሳይደርሰው አስቀድሞ ያውቃል። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የቆየው የባሌ ገበሬዎች ዐመፅ ምክንያቶቹ ብዙዎች ናቸው። ከነዚያም መካከል የመሬት ልኬትና የግብር ጣጣ ዋናውን ስፍራ ይይዛል። መሬት ሲለካ፣ ስም ሲጻፍ፣ ግብር ሲተመን፣ መክፈል ያቃተው ገበሬ መሬቱ ለሌላ ሰው እስኪተላለፍ ደርሶ ነበር። መዝገብ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ያለ መዝገብ አገር አይተዳደርም። ሆኖም ስሙ የተጻፈበት ሰው መዝገቡን ሳያየው፣ ለምን እንደ ተጻፈ ሳይነገረው፣ ማን እንደሚያነበው ሳያውቅ ሲቀር፣ በመዝገቡ የሚጠቀመው ብዕሩን የያዘው ብቻ ይሆናል። ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ለስልክ ቁጥርም የሚሠራ ነው።

በ1991 ዓ.ም. የእጅ ስልክ በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር የተዘጋጀው 36,000 መስመር ነበር። በ2016 በጀት ዓመት መጨረሻ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ከ78 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሳፋሪኮም ሁለተኛው አገልግሎት ሰጭ ሆኖ ሥራውን በይፋ ጀምሯል። በ4,377 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው በቱሉ ዲምቱ ጫፍ የቆመው የቴሌኮሙኒኬሽን ማማም ለባሌ ደጋ የዚሁ ዘመን ምልክት ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ስለ ተጨመረበት፣ ያው ቁጥር ገንዘብ የሚላክበትና የሚቀበሉበት ሆኗል። እንግዲህ የስልክ ቁጥር ጠባይ ተለወጠ። የቤት ቁጥር የነበረው የሰው ቁጥር ሆነ፤ ከባለቤቱ ጋር ገበያ ይውላል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ከራስጌው ያድራል። ስም ሞክሼ አለው፤ ቁጥር ግን ሞክሼ የለውም።

ከዚህም የተነሣ በአብዛኛው ዓለም የእጅ ስልክ ቁጥር እንደ ቀድሞው በመጽሐፍ ታትሞ ለሕዝብ አልተሰጠም። ሊያደርጉት የሞከሩም ተቃውሞ ገጥሟቸዋል። በእንግሊዝ አገር በ2009 እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ የእጅ ስልክ ቁጥሮችን የያዘ የማውጫ አገልግሎት ተከፍቶ ነበር። ቁጥሮቹ የተገኙት ከባለቤቶቹ ሳይሆን፣ እንዲህ ያለውን ዝርዝር ከሚሸጡ ነጋዴዎች በመሆኑ ሕዝቡ ተቆጣ። ስማችን ይውጣልን የሚለው ሰው ስለ በዛም አገልግሎቱ በወሩ ቆመ። በዚያው ዓመት በስዊድን የተመሠረተው ትሩኮለር ደግሞ ነገሩን በሌላ መንገድ ያዘው፤ የማይታወቅ ቁጥር ሲደውል የደዋዩን ስም በስልኩ መስታወት ላይ ያሳያል። የዚህ ዓይነት አገልግሎቶች ስሙን ከሚያገኙባቸው መንገዶች አንዱ የተጠቃሚዎቻቸው የግል ማውጫ ነው። እኛ ባንመዘገብ እንኳ፣ ወዳጃችን የራሱን ማውጫ የሰጠ ቀን የእኛም ስም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ያውም ወዳጃችን በጻፈው ስም ነው፤ «ሁሴን ስንዴ» ወይም «አልማዝ ነርስ» ብሎ ጽፎን እንደ ሆነ፣ እንጀራችንና መዋያችን ከስማችን ጋር ተያይዞ ይገለጣል።

ይህን ለማየት ባሕር ማቋረጥ አያስፈልግም። በሮቤ ገበያ አጠገብ ካሉት ትናንሽ ሱቆች በአንዱ ቆመን፣ ሒሳብ የምታስሞላ ልጅ ቁጥሯን ጮክ ብላ ስትናገር፣ ባለ ሱቁም በደብተር ላይ ሲጽፍ ተመልክተናል። ደብተሩ በመደቡ ላይ ተዘርግቶ ይውላል፤ ከኋላዋ የቆመው ጎረምሳም ጆሮ አለው። ማታ የማታውቀው ሰው ቢደውልላትና «ማን ልበል?» ብትል፣ የሚመልስላት ስም እውነት ይሁን ሐሰት በምን ታውቃለች? ባሌ ድንጋዩ ገደሉ ብዙ ነውና «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለውን ምሳሌ ለማስረዳት ሩቅ አያስኬድም። ቁጥርን መቀየር ይቻላል የሚል ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ቁጥሩን የለወጠ ሰው ከዘመዱ፣ ከደንበኛውና ከገንዘቡ መንገድ ጭምር ይለያያል።

በሌላ በኩል ያለውንም ማስተዋል ተገቢ ነው። ስንዴውን ለመሸጥ ገዢ የሚፈልግ ገበሬ፣ ወፍጮ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ሐኪም ቤት ቁጥራቸው ቢታወቅ ይጠቀማሉ፤ ሕዝቡም ይጠቀማል። ስሙን የሚያሳየው አገልግሎት ቢሆን «ሽልማት ደርሶሃል» እያለ የሰውን ገንዘብ የሚያታልለውን ለመለየት ረድቷል። ስለዚህ ማውጫ ይጥፋ አንልም። የምንለው፣ ማውጫ ውስጥ የሚገባው ራሱ ልግባ ያለ፣ የሚወጣውም ልውጣ ያለ ይሁን ነው።

ይህ አሳብ ለአገራችን ሕግ እንግዳ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት አስቸኳይ ጊዜ ካልታወጀ በቀር የሰዎች መጻጻፍ እንዳይመረመር ደንግጎ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የምሥጢር ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ውስጡን ለሌላ እንዳይገልጥ ያዛል። ደብዳቤው በእጁ ነው፤ ምሥጢሩ ግን የእርሱ ብቻ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የግል ሕይወትን፣ በስልክ የሚደረገውንም ግንኙነት ያስከብራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በበኩሉ የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለተወሰነ ዓላማ እንዲሰበስብ ያስገድዳል፤ ከዋነኞቹ መሠረቶቹም አንዱ የባለቤቱ ፈቃድ ነው። የአዋጁም ተቆጣጣሪ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ነገር ግን ሕግ በያንዳንዱ ሱቅ መደብ ላይ ቆሞ ደብተር ሊከድን፣ በያንዳንዱ ሰው ኪስ ገብቶ ጣት ሊይዝ አይችልም። የቀረው የጨዋነት ሥራ ነው። ከላይ የጠቀስነው የደብዳቤ ሕግ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል፤ የወዳጃችን ቁጥር በእጃችን ያለ አደራ ነው እንጂ የእኛ ንብረት አይደለም። ሰው የሌላውን ቁጥር ሲጠይቀን «ልጠይቀውና ልስጥህ» ማለት ንፉግነት አይደለም። መሥሪያ ቤትም የሠራተኞቹን ቁጥር በማስታወቂያ ሰሌዳ ከመለጠፉ በፊት፣ ዕድርም የአባላቱን ዝርዝር ከማባዛቱ በፊት ፈቃዳቸውን ቢጠይቅ የሚጎድልበት ነገር የለም።

የባሌ ደጋ እንግዳ ከአጥር ውጭ ቆሞ የሚጣራው አጥሩ ረጅም ስለ ሆነበት አይደለም፤ ብዙው አጥር በአንድ እርምጃ ይታለፋል። የሚቆመው የቤቱን ባለቤት ስላከበረ ነው። ስልክ አጥሩን አፈረሰው እንጂ ይህን ክብር ሊያፈርሰው አይገባም። «ማን ልበል?» የሚለው ጥያቄም መጀመሪያ የሚጠየቀው በደጃፍ እንጂ፣ እንግዳው እልፍኝ ከገባ በኋላ መሆን የለበትም።