ንጉሡን የወሰደችው ቮልስ እና የመንዙ የበግ ቤት

መሐል ሜዳ የሚኖረው አጎቴ አንዲት ቮልስ አለችው። "አለችው" ስል ትነዳለች ማለቴ አይደለም። ግድግዳው የድንጋይ ካብ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር በሆነ አሮጌ የበግ ቤት ውስጥ ቆማለች። በጎቹ ወደ ሌላ ቤት ተዛውረዋል፤ እኛም ቤቱን "ጋራዥ" ብለነዋል። እሱ ጡረታ የወጣ የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ የምመላለስ ረዳቱ። እድሳቱን ከጀመርን ስድስት ዓመት አለፈን። ገና አላለቀም።

ይህን የሰሙ ወዳጆቼ "ምን ሊያደርግላችሁ?" ይሉኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው። ታዲያ በዚህ ዘመን ዝገት መፋቅ ምን ይባላል? መልሴ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

ከመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ልጀምር። ያን ቀን ማለዳ የደርግ መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን መውረዳቸውን የሚገልጸውን ጽሑፍ አነበቡላቸው። ከዚያም ሮልስ ሮይስ በሞላበት ግቢ ውስጥ ንጉሡን በአንዲት ቮልስ የኋላ ወንበር አስቀምጠው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ወሰዷቸው። መንገድ ዳር ከቆመው ሰው መካከል "ሌባ! ሌባ!" የሚል ጩኸት ይሰማ ነበር።

ነገሩ ለመንዝ ሰው ሌላም ትርጉም አለው። የሸዋ ነገሥታት ቤት መነሻው መንዝ ነው። ነጋሢ ክርስቶስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከዚያ ደጋ ተነሥቶ ነው የሥርወ መንግሥቱን መሠረት የጣለው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ከዚሁ ቤት የሚወለዱት በአባታቸው እናት በወይዘሮ ተናኘወርቅ ሣህለ ሥላሴ በኩል ነው። በመንዝ ተራራ ላይ በፈረስ የተጀመረው ጉዞ፣ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ አዲስ አበባ ላይ በቮልስ አበቃ።

አጎቴ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ይማር ነበር። ከጯሂዎቹ አንዱ ነበር። ዛሬ ስለዚያ ቀን ስጠይቀው ስለ ንጉሡ ብዙ አይናገርም። "እኔ ያየሁት መኪናዋን ነው" ይላል። ከዓመታት በኋላ፣ መምህር ሆኖ ጥቂት ገንዘብ ሲቋጥር፣ የገዛው ያገለገለች ቮልስ ነበር። ለምን እሷን እንደመረጠ ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። "ርካሽ ስለነበረች" ከማለት ሌላ መልስ የለውም።

*

"ቮልስዋገን" በጀርመንኛ "የሕዝብ መኪና" ማለት ነው። የነደፋት ፌርዲናንድ ፖርሼ ነው። የፋብሪካዋን የመሠረት ድንጋይ ያኖረው ግን አዶልፍ ሒትለር ነበር፤ ግንቦት 18 ቀን 1930 ዓ.ም.። ብዙ ሺህ ጀርመናውያን በየሳምንቱ ቴምብር እየገዙ ለመኪናዋ ቆጠቡ። ጦርነቱ መጣና ፋብሪካው ወታደራዊ መኪና ማምረት ጀመረ፤ ቆጣቢዎቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ከጦርነቱ በኋላ በቦምብ የተመታውን ፋብሪካ ሥራ ያስጀመረው አይቫን ኸርስት የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ነው። መኪናዋ ራሷ ከፍርስራሽ የታደሰች ናት ማለት ይቻላል።

በዚያው ሰሞን በእኛ በኩል ምን ነበር? ጣሊያን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣውን መንገድ እየሠራ ነበር። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትጓዙ ጣርማ በር ላይ የምታልፉበት፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ዋሻ የተፈለፈለው ያኔ ነው። ስሙንም በሙሶሊኒ ሰይመውት ነበር። ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ የአጎቴ ቮልስ ወደ ቤቷ የገባችው ሒትለር ያስጀመራት መኪና ሆና ሙሶሊኒ ባስቀደደው መንገድ ነው። ንጉሡን አንደኛው ፋሺስት አገር ለቀው እንዲሰደዱ አደረጋቸው፤ በሌላኛው ፋሺስት መኪና ደግሞ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ዛሬ ግን ዋሻው የሙሶሊኒ ነው የሚል አሽከርካሪ የለም። ቮልስንም የሒትለር ናት ብሎ የሚሸሻት የለም። ለምን? ሰው ስለተጠቀመባቸው፣ ስለጠገናቸው፣ የራሱ ስላደረጋቸው ነው ባይ ነኝ።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ወደ ማንኛውም ጋራዥ ጎራ በሉና ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬቻ፣ ቸርኬ፣ ስቱኮ፤ ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ወራሪው በአምስት ዓመቱ ተባረረ። ቃላቱ ግን መፍቻ በጨበጡ ሰዎች አፍ ውስጥ ቀርተው አማርኛ ሆኑ። ይህን የቋንቋ ታሪክ ከመምህር ወደ ተማሪ ያሻገረው ትምህርት ቤት አይደለም። ዘይት የነካው ቱታ የለበሰ ሰው ነው። ስለ ዐድዋ ጀግኖች፣ ስለ አርበኞች ብዙ መጻሕፍት አሉን፤ ይገባቸዋልም። የጋራዥ ሰዎቻችንን ታሪክ ግን ማን ጻፈው?

*

አሁን ወደ በጉ ቤት ልመለስ። የቮልሷ ትልቁ በሽታ ዝገት ነው። ሞተሯስ ደህና ናት። በአየር የምትቀዘቅዝ ስለሆነች የራዲያተር ውኃ የላትም፤ የመንዝ ውርጭ የሚያቀዘቅዘው ነገር አያገኝም። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጉልበቷ በሢሶ ያህል ይቀንሳል። ዳገት ላይ ታለከልካለች፤ ግን ትወጣለች። የፊት ቀኝ ፓራፋንጎዋ ግን በዝገት ወንፊት ሆኖ ነበር። ኦርጅናሉን ፈልገን አጣን። ያገኘነውም ዋጋው የማይቀመስ ሆነ። ስለዚህ በፋይበር ልንሠራው ወሰንን።

ፋይበር የድሃ ብልሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች ኮርቬት የተባለችውን የስፖርት መኪና እ.ኤ.አ. በ1953 ሲያወጡ ገላዋን ከላሜራ ሳይሆን ከፋይበር ግላስ ነው የሠሩት። በመጀመሪያው ዓመት የተመረቱት 300 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ ብሩስ ማየርስ የተባለ የካሊፎርኒያ ጀልባ ሠሪ የቮልስን ሞተር ወስዶ፣ የጀልባ ሙያውን ተጠቅሞ፣ የፋይበር ገላ አለበሰው። አሸዋ ላይ የምትፈነጭ ዝነኛ መኪና ወጣው። ዛሬ በዚያ አገር እንዲህ ያሉትን መኪኖች በቤት ጋራዥ ማደስ የተከበረ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። እዚህ ግን ተመሳሳዩ ሥራ "መለጣጠፍ" ይባላል።

እንዴት እንደሠራነው ልንገራችሁ። የዛገውን ፓራፋንጎ ቀዳዳ በስቱኮ ደፍነን፣ ሞርደን፣ ሰም ቀብተን ፎርማ አወጣንበት። ከዚያ ፎርማው ውስጥ የመስታወት ጭረቱን ጨርቅ እየደራረብን፣ ማድረቂያ የተቀላቀለበትን ፈሳሽ ሙጫ አጠጣነው። አመሻሽ ላይ ጨርሰን ተኛን። ጠዋት ስንመጣ እንደ ማር ይጣበቃል! ለካ ሙጫው ብርድ አይወድም፤ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ በቅጡ አይጠነክርም። የመንዝ ሌሊት ደግሞ የታወቀ ነው። የኬሚስትሪው መምህር ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ። ሁለተኛውን ሙከራ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ጀመርነው። ያዘ።

ግን ሌላ ክርክር ተነሣ። አጎቴ ፓራፋንጎውን በጣቱ መታ መታ አደረገና "ድምፁ የሷ አይደለም" አለ። ላሜራ ይደወላል፤ ፋይበር ድፍን ነው። እውነቱን ነው። ታዲያ ካንዴላዋ የተለወጠ፣ ቀለሟ የተለወጠ፣ አሁን ደግሞ ገላዋ የተለወጠ መኪና ያችው መኪና ናት? ብዙ አሰብኩበት። የእኛ አገር ቮልስ ታሪክ የጀርመን ፋብሪካ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፋይበሩ ውሸት ይሆን ነበር። ነገር ግን ታሪኳ የዚህ አገር ሰዎች እንዴት እንዳቆዩአትም ጭምር ነው። ልጥፉም የታሪኩ ገጽ ነው። መደበቅ የለበትም።

መንዝ ይህን ያውቃል። የጓሳን ሣር ለዘመናት ያቆየው የቄሮ ሥርዓት ነው፤ በአባ ቄራ እየተጠበቀ፣ ለዓመታት ተከልሎ ቆይቶ፣ በቀኑ ተከፍቶ ይታጨዳል። ንጉሡ በወረዱበት በዚያው በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ይህንንም ሥርዓት አፈረሰው። ሕዝቡ ግን ጓሳውን አልተወም። ሥርዓቱን በሌላ መልክ አደራጅቶ መለሰው። የድሮው አይደለም፤ ልጥፍ አለበት። ጓሳው ግን አለ። የጋራዣችንም ክዳን ከዚያ የመጣ ነው።

ስለዚህ ለወዳጆቼ መልሴ ይህ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ይምጣ፤ አልቃወምም። ግን አዲሱን ስንቀበል አሮጌውን ያቆየውን እውቀት ከቁራሌ ጋር አንሽጠው። ካርቡሬተር በጆሮው የሚያስተካክል፣ ላሜራ በመዶሻ የሚያቃና ትውልድ እያረጀ ነው። አባታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ መካኒክ ከሆነ ስልካችሁን ከፍታችሁ ድምፁን ቅዱ። ነገ የምንጽፈው ታሪክ ከዚያ ነው የሚወጣው።

ላለፉት ጥቂት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት እንደ ልቤ ወደ መንዝ መመላለስ አልቻልኩም። ፓራፋንጎው ቀለም ሳይቀባ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አጎቴ ግን በየሳምንቱ ሞተሯን በእጁ ያዞራታል፤ ቆማ እንዳትነክስ። ስልኩ በሠራ ቁጥር ከሰላምታው ቀጥሎ የሚነግረኝ እሱን ነው።

"ዛሬም ዞረች።"