ምድር መካከል በነበረችበት ዘመን

አያቴ በልጅነታቸው ከየኔታ ዘንድ ዳዊት የደገሙ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ማታ ስለ ፀሐይና ስለ ፕላኔቶቿ ሳጠና ሰምተውኝ፥ «ልጄ፥ እናንተ ምድር ትዞራለች ትላላችሁ አሉ፤ ታዲያ ዳዊት ምድር በመሠረቷ ጸንታ እንደምትኖር የዘመረው ሐሰት ሊሆን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። በዚያን ጊዜ የምመልሰው አጥቼ ዝም አልሁ። ይህን ጽሑፍ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ሳዘጋጅ ግን፥ ያ ጥያቄ ከእኔ በፊት ስንቱን ሊቅ እንዳስጨነቀ ከታሪክ ተረዳሁ።

ሰው ሁሉ በዓይኑ የሚያየው ፀሐይ በምሥራቅ ወጥታ በምዕራብ ስትጠልቅ ነው። ምድር ስትንቀሳቀስ ግን ማንም አልተሰማውም። ከድሬዳዋ በባቡር የተጓዘ ሰው ዛፉና ተራራው ወደ ኋላ የሚሸሽ ይመስለዋል፤ የሚሄደው ግን እርሱ ራሱ ነው። የጥንት ሰዎችም ዓይናቸውን አምነው ምድርን በመካከል አኖሯት። በእስክንድርያ የነበረው ሊቅ በጥሊሞስ እ.ኤ.አ. በ150 ዓ.ም. ገደማ ይህን አሳብ በሒሳብ አደራጅቶ ጻፈው። እንደ እርሱ አነጋገር ምድር ክብ ሆና በመካከል ትቆማለች፤ ፀሐይ፥ ጨረቃና ከዋክብት ይዞሯታል።

ከዚህ የተለየ አሳብ የነበረው አንድ ሰው ደግሞ አገራችንን ያየ ነው። ኮስማስ የሚባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት፥ ንጉሡ ካሌብ ወደ ሒምያር ለመዝመት ሲሰናዳ፥ አዱሊስ ወደብ መጥቶ በዚያ የነበረውን የግሪክኛ የድንጋይ ጽሕፈት ገልብጧል። ለታሪካችን ትልቅ ውለታ ነው። በኋላ ግን በጻፈው መጽሐፉ፥ ሙሴ የሠራት ድንኳን የዓለም አምሳል ናት ብሎ፥ ምድር እንደ ገበታ ጠፍጣፋ፥ ሰማይም እንደ ሣጥን ክዳን ናት፤ ፀሐይ የምትሰወረው ከታላቅ ተራራ ኋላ ነው አለ። በዚያው ዘመን የነበረው የእስክንድርያ ክርስቲያን ፈላስፋ ዮሐንስ ፊሎጶኖስ ይህን ዓይነቱን አተረጓጐም ተቃወመ። እንግዲህ ሁለቱም አንድ መጽሐፍ ያነብቡ ነበር፤ የተለያዩት በአተረጓጐም ነው።

ወደ አገራችን መጻሕፍት ስንመለስ፥ ስለ ሰማይ በሰፊው የሚናገረው መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በግዕዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን እ.ኤ.አ. በ1773 ወደ አውሮፓ ይዞ ገባ፤ በ1821 ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጐመ። በመጽሐፉ ውስጥ መልአኩ ዑርኤል ለሄኖክ የብርሃናትን መንገድ ያሳየዋል። በምሥራቅ ስድስት፥ በምዕራብም ስድስት መስኮቶች አሉ፤ ፀሐይ በእነዚህ እየተመላለሰች ትወጣለች፥ ትገባለች። ዓመቱም 364 ቀን ነው። ቀኑ እጅግ በሚረዝምበት ጊዜ ከ18 ክፍል 12ቱ መዓልት፥ 6ቱ ሌሊት ይሆናል ይላል፤ ይህም 16 ሰዓት ማለት ነው። በድሬዳዋ ግን ረጅሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል እምብዛም አያልፍም። ሊቃውንት ይህን ስሌት ከጥንት ባቢሎናውያን አቈጣጠር ጋር ያዛምዱታል።

ታዲያ አባቶቻችን ምን አደረጉ? እኔን እጅግ ያስደነቀኝ ይህ ነው። መጽሐፈ ሄኖክን ከቅዱሳት መጻሕፍት ቈጥረው በክብር አኖሩት፤ በዓላትን ሲያወጡ ግን በ364 ቀን አልቈጠሩም። በባሕረ ሐሳብ ዓመቱ 365 ቀን ከሩብ ነው፤ ስለዚህ ጳጉሜን አምስት ሆና በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስድስት ትሆናለች። መጽሐፉንም አልጣሉም፥ ሰማዩንም አልካዱም።

በአውሮፓ ነገሩ በሰላም አላለፈም። ኮፐርኒከስ እ.ኤ.አ. በ1543 ፀሐይን በመካከል አድርጎ መጽሐፉን አሳተመ። ከእርሱ በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት በደማስቆ መስጊድ የጸሎት ሰዓት የሚጠብቀው ሊቅ ኢብን አል ሻጢር ምድርን ከመካከል ሳያነሣ ስለ ጨረቃ ያወጣው ስሌት ከኮፐርኒከስ ጋር አንድ ሆኖ ተገኝቷል። ጋሊሌዎ ግን በመነጽሩ ያየውን ቢናገር፥ በኢያሱ ጊዜ ፀሐይ ቆመች የሚለውን ቃል ጠቅሰው ተከራከሩት። እርሱም በ1615 በጻፈው ደብዳቤ፥ ቅዱስ መጽሐፍ የሚያስተምረን የመዳንን መንገድ እንጂ የከዋክብትን አካሄድ አይደለም ሲል መለሰ። ቢሆንም በ1633 ተፈርዶበት እስኪሞት በቤቱ ታግዶ ኖረ። የሮማው ሊቀ ጳጳስ ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ የፈረዱበት ሰዎች መሳሳታቸውን የገለጡት በ1992 ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ለአያቴ መልስ ይዤ ሄድሁ። «አባባ፥ ዳዊት የፈጣሪን ጽናት ዘመረ እንጂ የሒሳብ ትምህርት አላስተማረም» አልኋቸው። ስለ ጳጉሜንም ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፥ «እንግዲያስ የቀደሙት ቈጥረዋል፤ አንተም ቍጠር» አሉኝ።

ውድ ጓደኞቼ፥ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ በቀትር በከተማችን አናት ላይ ታልፋለች። በዚያን ቀን በግቢያችን ቀጥ ያለ እንጨት ብንተክል ጥላው ይጠፋል። ወጥተን እንየው፤ መጽሐፍ ማክበርና ሰማይን መመርመር አብረው እንደሚሄዱ ከአባቶቻችን ተምረናልና።