ያበደው ውሻ ምን በልቶ ነበር?

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል የአበው ምሳሌ። ምሳሌው የተነገረው ስለ ውለታና ስለ ታማኝነት ቢሆንም፣ ለእንስሳት ሐኪም ግን ሌላ ቁም ነገር ያስታውሰዋል፤ ይኸውም የውሻ ጠባይ ከሚበላው ነገር ተለይቶ የማይታይ መሆኑን ነው። ውሻ የሚጮኸውና የሚነክሰው፣ የሚሸሸውና የሚንቀጠቀጠው በአንጎሉ ትእዛዝ ሲሆን፣ አንጎል ደግሞ በምግብም፣ በመድኃኒትም፣ በመርዝም፣ በቫይረስም ይነካል። ከውጭ ለሚመለከት ሰው አራቱም ምክንያቶች አንድ መልክ ሊኖራቸው ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሙያው ይህን መመሳሰል ቀስ በቀስ እንዴት እንደ ለየውና እስኪለየው ድረስ ምን እንደ ተከፈለበት መመርመር ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ጎልቶ ከሚታይባቸው ሥፍራዎች መካከል በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ይጠቀሳሉ። ሦስቱም ከ2022 ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። በሰበታ በኩል ፋብሪካውና የሠራተኛው መንደር፣ በቡራዩ በኩል የገፈርሳ ግድብ አካባቢና አዲሱ ሠፈር፣ በሱሉልታ በኩል የግጦሹ መስክና የወተት ላሙ ተጎራብተው ይኖራሉ። በእንዲህ ያለው፣ ገጠሩ ሳያበቃ ከተማው በጀመረበት ምድር፣ ውሻ የቤት ጌጥ ሳይሆን የግቢ ዘበኛ ነው። ቀን ይታሰራል፤ ሌሊት ከሌባና ከጅብ እንዲጠብቅ ይለቀቃል። ምግቡ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ አጥንትና ከዕርድ የተረፈ ነው፤ የጎደለውን ከቆሻሻ መጣያ ይሞላል። በእንስሳት መድኃኒት ረገድም ቢሆን፣ ለላምና ለበግ ከመጣው ላይ ካልተካፈለ በቀር ለእርሱ ተብሎ የሚገዛለት ጥቂት ነው።

እንዲህ ያለው ውሻ አንድ ቀን ምራቁን ማዝረብረብ ወይም ያለ ምክንያት መሮጥ ሲጀምር መንደሩ «አብዷል» የሚል ፍርድ ለመስጠት አይዘገይም። ፍርዱ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳኛ የሌለው ያህል ነውና መንደርተኛው በመፍራቱ አይወቀስም። ይሁን እንጂ ለላቦራቶሪ ምርመራ ከሚቀርቡት የውሻ አንጎሎች መካከል ቀላል የማይባለው ክፍል ከቫይረሱ ነጻ ሆኖ ይገኛል። እነዚያ ውሾች በሌላ ምክንያት ታመው ነበር ማለት ነው። ይህን ሌላ ምክንያት ለማግኘት ታሪኩን ከሥሩ መከተል ያስፈልጋል።

የ1903ቱ ወረርሽኝና «ፓስተር»

የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ በጽሑፍ ከተመዘገቡት ወረርሽኞች የመጀመሪያው በ1903 ክረምት የደረሰው ነው። ይህ የሆነው ሉዊ ፓስተር በፓሪስ ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን ብላቴና ከተበከለ ነርቭ በተዘጋጀ ክትባት ካከመ ከ18 ዓመት በኋላ ነበር። በ1908 ክላውዲዮ ፌርሚ የተባለው ኢጣሊያዊ ቫይረሱ ያለበትን አንጎል በፌኖል አዳክሞ ክትባት የሚሠራበትን ዘዴ አስተዋወቀ። ይኸው ዘዴ ወደ ኢትዮጵያም ገብቶ፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ በሚጠራው ተቋም ውስጥ ከበግ አንጎል ክትባት ሲዘጋጅበት ኖረ። ከሰበታም፣ ከቡራዩም፣ ከሱሉልታም ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉ ተስፋው ወደዚያው ነበር፤ ሆዱ ላይ በየቀኑ ለሁለት ሳምንት መወጋት ዕጣው ነበር።

ክትባቱ የብዙ ሰዎችን ሕይወት አትርፏል፤ ይሁን እንጂ ያለ ጠንቅ አልነበረም። ከአንጎል የተሠራ በመሆኑ የነርቭ ሽፋን ይዞ ወደ ሰውነት ይገባል፤ ሰውነትም ይህን ባዕድ ነገር ለመከላከል ሲነሣ አልፎ አልፎ የራሱን ነርቭ ያጠቃል። ውጤቱም የእግር መስነፍ፣ ሽባነት፣ አንዳንዴም ሞት ነው። ከዚህም የከፋ አደጋ ነበረው። በ1960 በብራዚል ፎርታሌዛ ከተማ በፌርሚ ዘዴ የተሠራ ክትባት ውስጥ ያለው ቫይረስ በሚገባ ሳይሞት ቀርቶ 18 ሰዎች ሊያድናቸው በተሰጣቸው መርፌ ምክንያት ሞተዋል። በዚህ ሁሉ ሳቢያ የዓለም የጤና ድርጅት ከነርቭ የሚሠራው ክትባት በሴል ማሳደጊያ በሚዘጋጀው እንዲተካ ሲያሳስብ ቢቆይም፣ የአዲሱ ዋጋ ከፍ ያለ በመሆኑ ኢትዮጵያ በአሮጌው እስከ 2010ዎቹ ከዘለቁት ጥቂት አገሮች አንዷ ሆናለች።

በውሾችም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ የሚሠሩት ቀደምት የውሻ ክትባቶች አልፎ አልፎ በተወጋው እግር ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ሽባነት ያስከትሉ እንደ ነበር በ1970ዎቹ ተዘግቧል። ሐኪሙ «ይህ ውሻ በበሽታው ታሟል ወይስ በክትባቱ?» ብሎ መጠየቅ የግድ ሆነበት። መድኃኒት የበሽታን መልክ ሊይዝ እንደሚችል ሙያው የተማረው በእንዲህ ያለ ዋጋ ነው።

ጤነኛ የሚመስለው ውሻ

በዚሁ ዘመን ከኢትዮጵያ የወጣ ጥናት ነገሩን በተቃራኒው በኩል አሳየ። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ መኰንን ፈቃዱ በኢትዮጵያ ውሾች ላይ የታየውን ከተለመደው የተለየ የእብድ ውሻ በሽታ በ1972 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት፣ በ1975 ደግሞ «ላንሴት» በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት አስታወቁ። ምልክት ሳያሳዩ ቫይረሱን የያዙ ውሾች መኖራቸውን የሚያመለክት ነበር። ቀጥሎም በአሜሪካ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉትና በ1982 በታተመው ሙከራ፣ ከኢትዮጵያ በተገኘው የቫይረስ ዝርያ የተለከፉ ውሾች ሕመሙ ከመታየቱ እስከ 13 ቀናት አስቀድሞ ቫይረሱን በምራቃቸው ሊያስተላልፉ እንደሚችሉ አረጋገጡ።

እንግዲህ ጠባይ በሁለት በኩል ያታልላል ማለት ነው። ያበደ የሚመስለው ነጻ ሊሆን፣ ጤነኛ የሚመስለው ደግሞ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው የነከሰው ውሻ ለ10 ቀናት በሚጠበቅበት ጊዜ የተነከሰው ሰው ሕክምና መዘግየት የሌለበት።

ምግብ ያሳበዳቸው

ነጻ ሆነው ስለ ተገኙት ውሾች ከሚነገሩት ታሪኮች ሁሉ የሚያስገርመው በአሜሪካና በእንግሊዝ የደረሰው ነው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ በሁለቱ አገሮች ብዙ ውሾች በድንገት እየደነገጡ፣ እየጮኹና ከግድግዳ ጋር እየተላተሙ ይሮጡ ጀመር። አንዱ ቫይረስ ነው፣ ሌላው የአንጀት ትል ነው፣ ሦስተኛው የቪታሚን እጥረት ነው ሲል ቆየ። በ1946 የእንግሊዙ ሊቅ ኤድዋርድ ሜላንቢ ምክንያቱን ባልተጠበቀ ሥፍራ አገኘው፤ ውሾቹ ይበሉት በነበረው ነጭ ዱቄት ውስጥ። ወፍጮ ቤቶቹ ዱቄቱን ለማንጣት ናይትሮጅን ትራይክሎራይድ የተባለ ጋዝ ይነፉበት ኖሮ፣ ጋዙ ከስንዴው ፕሮቲን ጋር ተዋሕዶ የነርቭ መርዝ ይፈጥር ነበር። ይኸው ዱቄት የሰውም እንጀራ ነበርና አሜሪካ በ1949 ዘዴውን አስቀረች፤ እንግሊዝም በ1950ዎቹ አጋማሽ ተከተለች። ያበዱት ውሾች ሰው በየዕለቱ ስለሚበላው ነገር ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ነበር ለማለት ይቻላል።

የምግብ ጉድለትም ሌላው ምክንያት ነው። በበቆሎ ብቻ በሚመገቡ ውሾች ላይ የሚታየው «ጥቁር ምላስ» የተባለው በሽታ አፍን አቁስሎ ወፍራም ምራቅ ያዝረበርባል። በ1937 ኮንራድ ኤልቬየም ይህ በሽታ በኒኮቲኒክ አሲድ እንደሚድን አሳየ፤ በሰው ላይ ለሚደርሰው ፔላግራም መድኃኒቱ በዚሁ ተገኘ።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ፣ የምግብና የጠባይ ግንኙነት በጾም ወራት በግልጽ ይታያል። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በ2012 ባሳተሙት የሰሜን ኢትዮጵያ ጥናት፣ በዐቢይ ጾም ዕርድ ሲቆምና የሥጋ ቤት ትርፍራፊ ሲጠፋ ጅቦች አህያ ወደ መብላት ማዘንበላቸው ተረጋግጧል፤ የአህያ ፀጉር የተገኘበት የጅብ ኩስ ከጾሙ በፊት ከነበረው 14.8 በመቶ ወደ 33.1 በመቶ ከፍ ብሏል። ጥናቱ ስለ ጅብ እንጂ ስለ ውሻ አይደለም። ነገር ግን ውሻም ከዚያው ትርፍራፊ ተካፋይ ነውና፣ በጾም ወራት የሚቅበዘበዝ ወይም በፋሲካ ማግስት በአጥንት ዙሪያ የሚናከስ ውሻ ያጋጠመው ባለሙያ ስለ ርሃቡና ስለ ጥጋቡ ሳይጠይቅ ማለፍ አይገባውም። ከማእድ ቤት ሊጥ ሰርቆ የበላ ውሻም ሊጡ በሆዱ ውስጥ እየቦካ አልኮል ስለሚፈጥር ሲንገዳገድ ይገኛል።

መድኃኒት ያሳበዳቸው

በ1981 ለእንስሳት ሕክምና የቀረበው አይቨርሜክቲን የከብትን ጥገኛ ተሕዋስያን በማጥፋት ታላቅ ውለታ የሠራ መድኃኒት ነው፤ ያገኙት ሊቃውንትም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። አደጋው የሚመጣው ከመጠኑ ነው። በ1 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም የያዘው የከብት መርፌ 1 ሚሊ ሊትሩ ለ50 ኪሎ ክብደት የተመደበ ነው። 5 ኪሎ የሚመዝን ቡችላ ያንኑ 1 ሚሊ ሊትር ቢወጋ የከብቱን መጠን ዐሥር እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ዓይኑም ለጊዜው ሊጠፋ ይችላል። ኮሊ የተባሉት የእረኛ ውሾች ደግሞ በመደበኛው የከብት መጠን እንኳ ይመረዛሉ፤ ምክንያቱ መድኃኒቱን ከአንጎል የሚከለክለው ዘረ መል ጉድለት መሆኑ በ2001 ታውቋል።

ለመዥገር የሚረጨው ዲያዚኖንም ውሻ ከላሰው ምራቅ ያበዛል፣ ጡንቻ ያንቀጠቅጣል። ሜትሮኒዳዞል ሲበዛ ሚዛን ያስታል። ፕሬድኒሶሎን የተሰጠው ውሻ እጅግ ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ከምግቡ የቀረበውንም ሊነክስ ይችላል። በሥጋ ተቀብሮ ባለቤት አልባ ውሾችን ለመግደል ሲሠራበት የኖረው ስትሪክኒን ደግሞ መላ ሰውነትን የሚያኮራምት መንዘፍዘፍ ስለሚያስከትል፣ በእብደት ፍርሃት የተጣለው መርዝ ራሱ የእብደት መልክ ይፈጥራል።

ከታሪኩ የሚወሰደው ትምህርት

ይህን የመሰለ ታሪክ ሁለት ተቃራኒ ስሕተት ሊያስከትል ይችላል። አንዱ እያንዳንዱን ያመመውን ውሻ «አብዷል» ብሎ መዝጋት ነው። ሌላውና የሚያስፈራው ግን «መድኃኒት ይሆናል፣ ምግብ ይሆናል» በማለት የተነከሰውን ልጅ ማዘግየት ነው። ቅደም ተከተሉ የማያጠራጥር ነው። ቁስሉ ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ተነካሹ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ድርጅት ይላካል፤ ውሻው ሲቻል ታስሮ ይጠበቃል፤ ከሞተም አንጎሉ ለምርመራ ይላካል። በድንጋይ የተቀጠቀጠ ወይም ያለ ምርመራ የተቀበረ ጭንቅላት ለማንም ምንም አይናገርም።

ከዚህ በኋላ ነው የእንስሳት ሐኪሙ ወደ ውሻው ባለቤት ዞሮ ምን በላ? ምን መድኃኒት ተሰጠው፣ በምን መጠን? በግቢው ምን ተረጨ? ብሎ የሚጠይቀው። መልሱ በመዝገብ ላይ ካልሰፈረ፣ ላቦራቶሪው «ነጻ ነው» ብሎ የመለሰው አንጎል ምሥጢሩን ይዞ ይቀራል። አገር አቀፉ የእንስሳት ጤና ምርመራ ተቋም በሰበታ ከተማ ይገኛል፤ የቡራዩም ሆነ የሱሉልታ ባለሙያ ከእርሱ ሩቅ አይደለም። እንግሊዞች ከዱቄታቸው ውስጥ መርዝ ያገኙት አንድ ሰው ያበዱት ውሾች ምን ይበሉ እንደ ነበር አጥብቆ በመጠየቁ ነው። በሰበታ ገበያ ዳር ወይም በሱሉልታ መስክ ላይ የቆመ ሐኪምም ይህንኑ ለመጠየቅ ከደብተርና ከእርሳስ የበለጠ መሣሪያ አያስፈልገውም።